ማዕዘን የሌለው የመርሳ ሜዳ

ከወልዲያ የወጣሁት ሜዳ ለማየት ነው። ሥራዬ የግል ትምህርት ቤቶችን ጥራት መመዘን ነው፤ ክፍሉን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመምህራኑን ማስረጃ አይቼ ፈቃዱ ይታደስ ወይም አይታደስ እላለሁ። መርሳ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሁሉን አሟልታ በአንድ ነገር ወድቃለች፤ መጫወቻ ሜዳ የላትም። የተሰጣት ጊዜ ዛሬ ያበቃል። ካላሟላች ትዘጋለች፣ ልጆቹም በየቦታው ይበተናሉ። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ዘሃራ ትናንት ደውላ «ሜዳ አግኝተናል፣ ነይልን!» አለችኝ። ምን ዓይነት ሜዳ እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ልጄ ሜሮን ደግሞ ማንጎ ሳልይዝ እንዳልመለስ አዝዛኛለች። እንግዲህ የሁለት አለቆች ሠራተኛ ሆኜ መናኸሪያ ገባሁ።

በመንገድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ረዳቱ «መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራት ሰው ጫነ። ሹፌሩ አምባሰል ከፍቶ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ እንኳ ባይረባም ደስታው ይጋባል። ሲሪንቃ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር የምርምር ማዕከሉ ማሽላ በተርታ ቆሟል፤ በየመደቡ ምልክት ተተክሎበታል። ማሽላውም እንደ ትምህርት ቤት ይመዘናል ማለት ነው፤ አዘንኩለት።

ሹፌሩ ፓፓያ ሊገዛ ቆመ። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተከራከረለት። ሻጭዋ ተስፋ ቆርጣ «አቦ፣ አንድ ፓፓያ ለመግዛት መኪና ሙሉ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል?» አለችና ቀነሰችለት። እየሳቅን ሄድን።

መርሳ

መርሳ በሙቀቷ ተቀበለችኝ። በባጃጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄድኩ። ዘሃራ ሻርፗን እያስተካከለች ወጣችና ቢሮ እንኳን ሳታስገባኝ በጓሮ በኩል ይዛኝ ወጣች። ከአጥሩ ማዶ ማሽላው ዙሪያውን ከቦት አንድ ክብ መሬት አለ፤ ልጆቹ ኳስ ይራገጡበታል።

«ዘሃራ! ይኼ እኮ አውድማ ነው!»

«ታዲያ አውድማ ሜዳ አይደለም እንዴ?» አለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ሳቋ ግን ከከንፈሯ ሊያመልጣት ነበር።

እንዲህ የሰፋ አውድማ አይቼ አላውቅም፤ ሦስት ጎረቤት እህሉን ባንድነት የሚወቃበት ነው። በእበት ተለቅልቆ፣ ተረግጦ ሲሚንቶ መስሏል። አንዷን ተጫዋች ጠርቼ «ኮርና ከየት ነው የምትመቱት?» አልኳት።

«ማዕዘን የለም፣ ኮርናም የለም!» ብላኝ ሮጠች።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ስፋቱ ይበቃል። መመሪያውንም ገልጬ አየሁ፤ ሜዳ ክብ መሆን የለበትም የሚል አንድም ቃል አጣሁ። ደስ አለኝ! የቀረው የባለመሬቱ የጽሑፍ ስምምነት ብቻ ነበር። ይህን ስል የዘሃራ ሳቅ ጠፋ።

«እሱ ነው ጉዱ» አለች ቀስ ብላ። «ሸህ ይመር አልፈርምም ብለዋል። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው።»

ከግራሩ ጥላ

ሸህ ይመር ከሁለት እኩዮቻቸው ጋር ግራር ሥር ተቀምጠው ጨዋታውን ይከታተላሉ። «አቀብል እንጂ! ብቻህን ልትበላት ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ቦታ ለቀቁልኝ።

«አባቴ፣ መሬቱን ለልጆቹ ሰጥተዋል ወይ?»

«ሰጥቻለሁ።»

«መኸር ሲደርስስ?»

«ቅዳሜና እሁድ ለበሬዎቹ፣ ሌላው ቀን ለልጆቹ። እኔስ ምን ጎደለብኝ? ድሮ አውድማ ለመጠቅጠቅ ወገባችን ይቆረጥ ነበር፤ አሁን እኒህ ፍልፈሎች ይረግጡልኛል።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኛ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ስሚ ልጄ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የተባለ። በእኒህ ሰዎች ፊት ሰጠሁ ብያለሁ። ፊርማ የሚጠየቅ የሚክድ ሰው ነው። እኔ ክጄ አውቃለሁ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘሃራ ጣቶቿን ትቆለምማለች። እኔም ጨነቀኝ፤ ያለ ወረቀት ከተመለስኩ ያቺ ትምህርት ቤት አለቀላት።

«አባቴ፣ እኔማ አምንዎታለሁ» አልኳቸው። «ግን ነገ እኔ ብቀየር በቦታዬ የሚመጣው ሰው አያውቅዎትም። ወረቀቱ እርስዎን ለማያውቅ ሰው ነው።»

ወደ ጨዋታው ዞሩ። ኳሷ ሁለቴ ወጥታ ሁለቴ ገባች። ከዚያ ዓይናቸው ሳቀ።

«መልካም። እኔ ባንች ሕግ ከገባሁ አንችም በኔ ሕግ ትገቢያለሽ። በየዓመቱ ራስሽ መጥተሽ ልጆቹ ሲጫወቱ በዓይንሽ ልታዪ ቃል ግቢ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሜዳ ማየት የለም!»

በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባሁ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ «አሚን» አልን። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው ስማቸውን በዐረብኛ ፊደል አሳምረው ጻፉ። ዘሃራ አቅፋኝ አለቀሰች። ሸህ ይመር «አብሽሪ፣ አብሽሪ! ለደስታ ይለቀሳል?» አሏት።

በዚህ መሃል ኳሷ እግሬ ሥር መጣች። ልጆቹ ሁሉ «ምቺ! ምቺ!» ሲሉኝ እንዴት ልተው? መታኋት። ጫማዬ ከኳሷ በላይ ሄዶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ፍለጋው ከጨዋታው በላይ አስደሰታቸው።

ወደ ቤት

ማንጎዬን ይዤ አመሻሽ ላይ ወልዲያ ገባሁ። ሜሮን እየላጠች፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ እየወረደ፣ ወሬዬን ሁሉ ሰማች። በጫማው ሳቀች። ከዚያ «እነሱስ ታድለው» አለች።

«እንዴት?»

«የኛ ሜዳ ሳሩ እንዳይበላሽ አይረገጥም እኮ። በዕረፍት ሰዓት ዳር ቆመን ነው የምናየው።»

ማንጎው እጄ ላይ ቀረ። የሷ ትምህርት ቤት በሜዳው ሙሉ ነጥብ ያለው ነው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

በማግስቱ የመርሳዋ ፈቃድ ይታደስ ብዬ አቀረብኩ፤ ታደሰ። ለዘሃራ ስደውል ከእልልታዋ በስተጀርባ የሸህ ይመር «አቀብል!» ይሰማኝ ነበር። ስንት ዓመት ሜዳ ስለካ ኖሬ ሜዳ የሚባለው የሚረገጠው መሆኑን አውድማ ላይ ተማርኩ። ስለዚህ ከመመዘኛዬ ግርጌ አንድ ጥያቄ በእጄ ጽፌ ጨመርኩ፤ «ልጆቹ ይጫወቱበታል?» የሚል።

ለከርሞው ጉዞ ሜሮንም አብራኝ ልትሄድ ቃል አስገብታኛለች፤ ክር ያለው ጫማ እንዳደርግም ጭምር። የጨመርኳትን ጥያቄ ግን እስከዚያ አላሳድራትም። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምጠይቀው የሜሮንን ትምህርት ቤት ነው።