ቢላዋውን የማይቀማ ጎረቤት

ነገሩ የሆነው ከሱማሌው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጋዜጠኝነት ተመድቤ ጅጅጋ ስሠራ ነው። በሥራዬ ከዚህ የከበደ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ይህን ግን በዓል በመጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

አጥር የሚያዋስነኝ ዩሱፍ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የምሠራበት ቴፕ ሲበላሽ የሚያበጅልኝም እሱ ነው። ወደ ቀብሪበያ ከተማ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ፈንጂ ረግጦ ግራ እግሩን አጥቷል። በክራንች ይሄዳል። በአዘቦት ቀን ቀልደኛ ነው። አረፋ ሲቃረብ ግን ጨጓራው ይነሳበታል፤ እንቅልፍም ያጣል። ሚስቱ ሆዳን «የሚያመው በዓሉ ነው» ትለኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ በአንድ አረፋ ዋዜማ ነው። ከጉዳቱ በፊት በጉን በራሱ እጅ ያርድ ነበር። በሃይማኖታቸው የሚችል ሰው እንዲህ ማድረጉ የተወደደ ነው። ከጉዳቱ ወዲህ ግን ጎረቤቶቹ ከሶላት ሲመለሱ ይገቡና «አንተ አረፍ በል» ብለው ቢላዋውን ከእጁ ይወስዱታል። ከዚያ ለድሃ የሚከፋፈለው ሥጋ ከየቤቱ በሳህን ይመጣለታል፤ የገዛ በጉ ታርዶ ተሰቅሎ እያለ።

«ሰዎቹ ክፉ አይደሉም» አለኝ። «ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቼ እገላገል ነበር።»

ቀጥሎ፣ «ነገ በጉን አንተ ትይዝልኛለህ» አለ።

«ክርስቲያን መሆኔን ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁም፣ ወንድሜ። አንተ ካረድከው እኛ አንበላውም። ስለዚህ እጄ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ቢላዋውን አትቀማኝም።»

በማግስቱ በጋሪ ወደ ሶላት ሄደ። ከሕዝቡ ዳር ሰገደና ስብከቱ እንዳለቀ ባለጋሪውን አስቸኩሎ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ደረሰ። በጉ ከሀርሺን ገበያ የመጣ፣ ራሱ ጥቁር የሆነ ጉልበተኛ ነበር። አጋድሜ እግሮቹን ያዝኩ። ዩሱፍ ክራንቹን ጥሎ መሬት ተቀመጠ፤ የበጉን አንገት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞረ።

በዚህ መሃል በጉ ተፈራገጠና አንዱ እግር ከእጄ አመለጠ። ዩሱፍ በጎኑ ወደቀ። ቢላዋውም ከእጁ ወጥቶ እኔ አጠገብ አረፈ። ሳላስበው እጄን ሰደድኩ።

«እግሩን!» ብሎ ጮኸብኝ። «እግሩን ያዝ አልኩህ!»

እጄን ወደ በጉ እግር መለስኩ። እሱ በክንዱ እየተጎተተ ወደ ቢላዋው ሲሄድ ሐጂ ዑመር የሚባሉት ሽማግሌ ጎረቤት በበሩ ገቡ። ሆዳን «ሐጂ፣ መጀመሪያ ሻይ ይቅመሱ» ብላ ፊታቸው ቆመች። እሳቸው ግን ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አይተውናል።

«ዩሱፍ! ምን ጉድ ነው?» አሉ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ። «እኛ ጎረቤቶችህ ሞተናል? ለአረፋ በግ ጋዜጠኛ ጠራህ?»

ዩሱፍ ቢላዋውን አነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና አረደ። በጉ እስኪረጋ ድረስ እግሮቹን እንደያዝኩ ቆየሁ።

ሐጂ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። «መግፈፉስ? እሱንም ክርስቲያኑ ነው የሚገፍፍልህ?»

«እሱን ለእርስዎ ትቻለሁ» አለ ዩሱፍ፣ አቧራውን ከልብሱ እያራገፈ። «ቆዳውን ግን እንዳምናው እንዳይበሱት።»

ሐጂ መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ ሳቁ።

ያን ዕለት ሆዳን ለጎረቤት የሚከፋፈለውን ሥጋ በሳህን ይዛ ወደ ሐጂ ቤት ስትሄድ አየሁ። ለድሃ የሚሆነውን ለይቶ የሰጠው ዩሱፍ ራሱ ነው። እኔ ሥጋውን ስለማልበላ ሐልዋ የሚባለው ጣፋጭና ሻይ ቀረበልኝ። ዩሱፍ ትራሱን ተደግፎ ጥቂት ካወራን በኋላ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሆዳን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተወው፣ ይተኛ» አለችኝ።

ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም አካል ጉዳተኛ ወዳጆቼ ለበዓል ሲጠሩኝ ስገባ «ምን ልያዝ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ «ምንም፣ ተቀመጥ» ይሉኛል። ፊት ለፊቴ ድስቱን እየታገሉ ሲያወጡ፣ ሳህኑን በአንድ እጅ እያመጣጠኑ ሲያመጡ አያለሁ። መነሳት ያምረኛል። እቀመጣለሁ።