የሯጭ ልብ

ጎረቤቴን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ግድግዳ እንጋራለን፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ወሬያችን ከሰላምታ አያልፍም።

ሾፌሮቹ «በረዶ» ይሉታል። በወጣትነቱ ሯጭ ሳለ አንድ ሐኪም የልቡን ምት ቆጥሮ፣ «ዝግ ያለ ነው፤ የብርቱ ሰው ልብ ነው» ብሎት ነበር። ይህንን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሎት ኖረ። አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ሾፌሮቹ ሻይ ላይ በልብ ምት ሲወራረዱ፣ ዝግተኛው ስለሚያሸንፍ፣ ሁልጊዜ አሸናፊው እሱ ነው። «የእናንተ ልብማ ሚስት የጠራችው ይመስል ይሮጣል» እያለ ይቀልድባቸዋል።

ሰሞኑን ከቤት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሚስቱ መጥታ፣ «እኔን እምቢ ብሎኛል፤ አንተን ግን ያፍርሃል። ጤና ጣቢያ ውሰድልኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ነርሷ ጥቂት አሳርፋው፣ የእጁን አንጓ ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት።

«ያው የሯጭ ልብ ነው፣ እህቴ» አላት ኮራ ብሎ።

«መሮጥ ያቆሙት መቼ ነው፣ አባቴ?»

«ይሄ ቦርጭ ሳይመጣ።»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከስልሳ እስከ መቶ እንደሚመታ፣ ስፖርተኛ ላይ ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ዝቅ ቢል ብዙም እንደማያስፈራ ነገረችን። «ከመውደቅ ጋር ሲመጣ ግን ዝም አይባልም። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ። እዚያ ታይተው እስኪፈቀድልዎ ድረስ መሪ አይነኩም።»

«መሪ ካልነካሁ ምን ልሠራ ነው?» አለ። ነርሷ አምቡላንስ ልትጠራ ወጥታ ስለነበር የጠየቀው እኔን መሆኑ ነው።

ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ወንድሜ፣ ግቢ ውስጥ ማንም እንዳይሰማ። አደራ። በረዶ ቀለጠ ብለው ይስቁብኛል። ቢስቁስ ምናለበት፣ መኪናዬን ለሌላ ይሰጡብኛል እንጂ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም እኮ።»

እጁ ቀዝቅዟል። ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ላይ አውቶቡሱ ያለ ምክንያት ወደ ጠርዙ ተጠግቶ መቆሙ ትዝ አለኝ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ሲያንጫርሩ፣ እኛ ተሳፋሪዎቹ፣ ተማሪዎቹም ጭምር፣ «በረዶ እኮ ነው፣ አይቸኩልም» ብለን ስቀን ነበር።

እያፈርኩ ጠየቅኩት፤ «ያን ቀን ድልድዩ ላይ፣ ዓይንህ ጨልሞብህ ነበር?»

ክንዴን ለቀቀኝ። ነርሷ የጠቀለለችውን እጅጌውን አወረደና ቁልፉን መቆለፍ ጀመረ።

«እሱን አትጠይቀኝ» አለኝ።