የታቢታ የኅዳር ፈቃድ

ታቢታ አዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት አንሶላ ስትቀይር ኖራለች። የዓመት ፈቃዷ ሁልጊዜ ኅዳር ላይ ይወድቃል። የመስቀል እንግዳ ተጠራርጎ ሄዶ፣ የገናው ሳይመጣ፣ ክፍሎቹ ባዶአቸውን ሲቀሩ አለቃዋ "አሁን ብትሄጂ አንቸገርም" ይላታል። ባሏ ሽበሺ ግን የትምህርት ቤት ዘበኛ ስለነበር የእሱ ፈቃድ ክረምት ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ አርፈው አያውቁም።

ቢሆንም የሚሄዱበትን አገር በየዓመቱ ይመርጡ ነበር። ሽበሺ ትምህርት ቤቱ የጣለውን፣ ሰሜኑ የተቀደደ ካርታ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለችው ቤታቸው ግድግዳ ላይ በሚስማር መትቶታል። ለእሱ ጉዞ ማለት ኅዳር ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ወንበር አይጠፋም፣ አልጋም ይረክሳል። "ሕዝቡ ቤቱ ሲገባ አገሩ የኛ ነው" ይላል። ከዚያ ጣቱን ካርታው ላይ ያስኬዳል።

"ላንጋኖስ?" ትለዋለች።

"ባለሥልጣን ይበዛበታል።"

"ወንዶ ገነት?"

"እሱማ በእግር ይኬዳል። ምኑን ጉዞ ሆነ?"

በመጨረሻው ዓመት ጣቱ አርባ ምንጭ ላይ ቆመ። ታቢታ ሳቀችበት። "ከሐይቅ ወደ ሐይቅ? ውሃ ሰልችቶኛል እኮ!"

"ያኛው አንቺ አንሶላ የማትቀይሪበት ሐይቅ ነው" አላት።

በግንቦት ወባ ይዞት ሞተ።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ ታቢታ ፈቃዷን ተቀበለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ መቆም ፈለገች። ሌላ ያማራት ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት የለምና ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ጸሐፊ፣ ደረሰ የሚባለው፣ የሽበሺ የእድር ጓደኛ ነበር።

"ወዴት ነው?"

"አርባ ምንጭ።"

"ምክንያት?"

"ለማየት።"

ደረሰ ብዕሩን አስቀመጠ። "ታቢታ፣ ሰው ዘመድ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። 'ለማየት' ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ቢያየው ይስቅብናል፤ እሱም ከሳቀ ነው።"

"እንግዲያው ዘመድ ጥየቃ በለው።"

"ተቀባይሽስ ማን ይባላል? ስም ካልተሞላ ማኅተም አይመታም።"

ታቢታ ከየአገሩ የመጣውን እንግዳ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ አርባ ምንጭ ላይ እሷን የሚቀበላት ሰው አልነበራትም።

"ይርጋለም እህት አለሽ አይደል? እሱን ልጻፍልሽ።"

"ይርጋለምን አልመረጥነውም" አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ "ሽበሺ ዳንሳ ብለህ ጻፍ።"

ደረሰ ቀና ብሎ አያት። የሽበሺን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። በሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው ተመለከተ፤ አጎንብሶ ጻፈ፤ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታው። "ከአሥር ቀን እንዳታልፊ" አለ ብቻ።

ሆቴል አብራት የምትሠራው ሮማን በማግስቱ ስትሰናበታት ቀለደችባት። "እትዬ ታቢታ፣ አዞ እንዳይበላዎት! ከበላዎትም መጀመሪያ የአሥራ ሁለት ቁጥርን ቁልፍ ያስረክቡኝ።"

ሽበሺ ስለ ኅዳር አልተሳሳተም። ከሻሸመኔ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ተነሣ። ታቢታ መስኮት ይዛ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ክፍት ነበር። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ገባ። አውቶቡሱ ሞልቶ ቢሆን ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ባለፈ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ግን ምንም አያስቸኩልምና እያንዳንዱን እያነበበ መጣ።

"ሽበሺ ዳንሳ ምንሽ ነው?"

"ባለቤቴ።"

"አርባ ምንጭ ነው ያለው?"

"አዎ። ይጠብቀኛል።"

መታወቂያዋን ገለጠ። የጋብቻ ሁኔታ ከሚለው ፊት ለፊት "ባል የሞተባት" ይላል። እሱንም የጻፈው ደረሰ ነበር፤ ከቀበሌው ሱቅ የምታገኘው ስኳር ከሁለት ሰው ድርሻ ወደ አንድ የተቀነሰ ዕለት።

"ሞቶ ነው የሚቀበልሽ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። ጠባቂው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማን ጻፈው ብዬ ብጠይቅ የጻፈልሽ ሰው ይታሰራል፣ እናቴ። ዝም ብለሽ ውረጂ።"

ታቢታ የደረሰን ልጆች አሰበች። ዘንቢሏን አንሥታ ወረደች። አውቶቡሱ አሥር ሰው ይዞ ሄደ።

ለሰው ሁሉ አርባ ምንጭ ነኝ ብላለችና፣ ሲመሻሽ ቤቷ ገብታ መስኮቱን ዘጋች። ዘጠኝ ቀን ከደጅ አልታየችም። ውሃ የምትቀዳው ጎረቤት ሳይነሣ ነበር። ቀን ቀን ካርታው ሥር ትተኛለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ሥራ ስትመለስ ሮማን አንሶላውን በወዲያኛው ጫፍ ይዛላት፣ "እሺ፣ አርባ ምንጭ እንዴት ነው?" አለቻት።

"ጸጥ ያለ ነው። ሰው የለም።"

"ሐይቁስ? ከኛው ይበልጣል?"

ታቢታ አንሶላውን ወጠረችው። "ይበልጣል ይላሉ" አለች።

በሚቀጥለው ኅዳር ፈቃድ አልጠየቀችም።