ግንቡን ለማን እንስጥ

እናቴ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አላት። ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ስንለቅ በፕላስተር ታሽጎ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላም የከፈተው ሰው አልነበረም። ከአንድ ወር በፊት የሸሚዜ ቁልፍ ወለቀብኝና ምትክ ልፈልግ ከፈትኩት። ከቁልፎቹ መሃል እጄ ላይ የመጣው ግን ፍላሽ ነው፣ ያ ድሮ ኮምፒውተር ላይ የምንሰካው። የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «የሁላችን» ተብሎ ተጽፏል። የልጅነት ጓደኛዬ የከድር ጽሕፈት ነው።

ከየት መጣ ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና፣ የከድር ቤተሰቦች ሰፈር የለቀቁ ዕለት ጠዋት ልጁ እንዳመጣው፣ እኔ ቤት እንዳልነበርኩ፣ እሷም ልብስ የሚያሰፋ ደንበኛ ቆሞባት ስለነበር ቆርቆሮው ውስጥ እንደጣለችው ነገረችኝ። ከዚያ ረሳችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሽንኩርት እየላጠች ነው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ነገር ከራስጌያችን በላይ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ልጅ እያለሁ የዶሮ ማነቂያ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠፉበት ቦታ ይታወቅ ነበር፤ ጋሽ ሰይፉ ቤት። ከፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ኮምፒውተሮች አሏቸው። ክፍሉ የጋለ አቧራ፣ የላብና የጎረቤት ድንች ጥብስ ይሸታል። ሌሎቹ ልጆች ኳስና መኪና ይጫወታሉ። እኛ አምስታችን ግን አንድ ጌም ላይ ሙጭጭ ብለን ነበር። የድሮ ዘመን አገር ነው፣ ሰዉ የብረት ጥሩር ለብሶ በፈረስ ይሄዳል። ስትጀምር አንድ ፈረስና አንድ ጎራዴ ብቻ አለህ። ተከታይ ታበዛለህ፣ ግንብ ትይዛለህ፣ ከቀናህ ትነግሣለህ። የኛ ንጉሥ ስሙ አራዳ ነበር። አምስቱን ባለሟሎቹን በራሳችን ስም ጠራናቸው፣ የያዝናቸውን ግንቦች ደግሞ በሰፈር ስም፦ ውቤ በረሃ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ሌላም ሌላም። ማውዙን በየተራ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንይዛለን፣ የቀረነው ከጀርባ ቆመን እንጮኻለን።

ከአምስቱ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ግን አፌ ለአራቱም ይበቃ ነበር። ከድር የተገላቢጦሽ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። እሱ ዝም ብሎ ያያል፣ ባለ ካሬ መስመር ደብተሩ ላይ የግንቦቹን ካርታ ይስላል፣ ሲናገርም አንዴ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት አብረን እንሄድ ነበር፤ ግማሹን መንገድ እኔ ሳወራ፣ ግማሹንም እኔው ሳወራ።

አማካሪያችን አባባ ተሰማ ነበሩ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ። ከጋሽ ሰይፉ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «ያንን መንደር አቃጥለው» እያልን ስንጮኽ ሰምተው ደንግጠው መጋረጃውን ገለጡት። ነገሩን እያፈርን አስረዳናቸው። ሊቆጡን ነው ስንል፣ ዓይናቸውን አጥብበው ስክሪኑን አዩና ስንት ወታደር ሳይሆን ስንት እህል እንዳለን ጠየቁ። አየነው፤ ባዶ ነው። ጦራችን እየከዳ የነበረው ለካ ርቦት ነው! አንድም ጊዜ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው፣ እኛ ለሁለት ሳምንት ያላየነውን በአንድ ጥያቄ አዩት።

ከዚያ ወዲህ ያለሳቸው ምክር ጦርነት የለም። ባንድ ጊዜ ከሁለት ንጉሥ ጋር አትጣሉ፣ አንዱን አስታርቁ አሉን፤ አስታረቅን። ከመኳንንቱ አንዱ ሲሸነፍና ሲታሰር ሄዳችሁ አስፈቱት፣ እስኪለምናችሁ አትጠብቁ አሉ፤ ያስፈታነው ሰው ከነጭፍራው መጥቶ አደረልን። ከሁሉ በላይ የሚደጋግሙት ግን ስለ ጉልት፣ ንጉሥ ለባለሟሉ ስለሚሰጠው መሬት ነው። የያዛችሁትን ግንብ ቶሎ አካፍሉ፣ ንጉሡ ብቻውን ሁሉን ከያዘ ብቻውን ይቀራል ይሉን ነበር። በእድሩም እንደዚሁ ነው አሉ፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ወንበሩም በተለያየ ሰው ቤት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። እኛም እንደ እድሩ መዝገብ አንድ ደብተር ገዝተን የአምስታችንን ስም ጻፍን። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።

ትልቁን ግንብ የያዝነው አንድ ቅዳሜ ነው። ከወንዝ ዳር፣ ባለ ሁለት እጥፍ ቅጥር። ስሙን ለማውጣት ክርክር እንኳ አልነበረም፤ ዶሮ ማነቂያ። ክርክሩ ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ ነው። ከድር፣ በመሰላል ቀድሞ ቅጥሩ ላይ ለወጣው ወጣት መኮንን ይሰጥ አለ። ከሌላ ንጉሥ ከድቶ የመጣ አንድ ባለ ነጭ ጢም መስፍን ግን ነበረን፣ እኛ ጋሼ የምንለው። እኔ፣ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ለጎረምሳ ግንብ ማደል ነውር ነው አልኩ። ሌሎቹም ነውር ነው አሉ። ልጅ ሆነን እንዲህ ነው ያደግነው፣ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ አይቀምስም። አባባ ተሰማ ያን ቀን ቀብር ሄደዋል። ማውዙ በኔ እጅ ነበር፣ ግንቡን ለጋሼ ሰጠሁት።

ሦስት ቀን አልሞላም፣ የጌሙን ቀን ማለቴ ነው። ጋሼ ከነግንቡ፣ ከነእህሉ፣ ከነወታደሩ ለጠላት አደረ። ስክሪኑ ላይ የዶሮ ማነቂያ ቀለም ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ያየነውን አልረሳውም። በኋላ አባባ ተሰማ ሲሰሙ ሳቁብን፤ ጢሙን ከማየታችሁ በፊት ከየት ከድቶ እንደመጣ አልጠየቃችሁም ወይ አሉ። ከድር «ብያችሁ ነበር» አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር፣ ዝምታው ነው ያበሸቀኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመጣ መንግሥቱ የለም። ሴቭ ያደረግናቸው ዝርዝር ባዶ ነው፤ የአራዳ ስም የለ፣ ምን የለ። የስድስት ወር ልፋት ነው። ጋሽ ሰይፉም የሉም፣ ሱቁን የያዘው ሰው ግን ትናንት ማታ መጨረሻ የወጣው ከድር ነው አለን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል! በሰው ሁሉ ፊት፣ ምክርህን ስላልሰማን ተናደህ አጠፋኸው፣ አንተ ምቀኛ አልኩት። ፊቱ ቀላ።

«ቆይ፣ ልንገርሽ» አለ።

አላስጨረስኩትም። ደብተሩን አወጣሁና ስሙ ላይ መስመር ሰመርኩበት፣ ሁለት ጊዜ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከእድር የተሰረዘን ሰው ማንም አያነጋግረውም፣ እንደዚያ ነበር ደንባችን። ከድር መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። አባባ ተሰማ ከአግዳሚያቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ።

«ልጁን ሰማሽው?» አሉኝ። ግልጽ ነገር ነው አልኳቸው። «እኔ በሃያ ዓመት አንድ ሰው ነው የሰረዝኩት፤ እሱንም ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ሰምቼ» አሉ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሰይፉ ለአንድ ደንበኛ ሲያወሩ ሰማሁ። ኮምፒውተሮቹ ቫይረስ ገብቶባቸው ቴክኒሻን አምጥተው ሁሉንም ፎርማት አስደርገዋል፤ ምንም አልተረፈም። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ጆሮዬ ጋለ። ያን ዕለት ሮጬ ሄጄ ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፣ አፈርኩ። ቅዳሜ በሁሉም ፊት እመልሰዋለሁ፣ ስሙን እንደገና አሳምሬ እጽፈዋለሁ ብዬ ቀጠርኩ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የነከድር በር ተዘግቷል። አባቱ ንግዳቸውን ወደ ኮምቦልቻ አዛውረው ቤተሰቡን ጭነው ሄደዋል። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ፍላሹን ያገኘሁ ቀን የእህቴ ልጅ ናቲ ቤት ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ እንዲህ ላለ ነገር ከሱ በላይ የለም። ጌሙን ከየትም ፈልጎ ላፕቶፑ ላይ ጫነልኝ፣ የጌሙ ሰዎች ፊት አሳቀው፣ ከሳሙና የተቀረጹ ይመስላሉ አለ። ከዚያ ከፍላሹ ላይ ሴቩን ከፈተው።

አለ። ሁሉም አለ። ከድር መጨረሻ በወጣበት ማታ ቴክኒሻኑ እንደሚመጣ ሰምቶ መንግሥቱን ገልብጦ አውጥቶታል። ያን ቅዳሜ ሊነግረኝ የነበረው ይህንን ነው። ደግሞ እንዲሁ አላስቀመጠውም፤ የት እንደሆነ አላውቅም፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ተጫውቶበታል። ካርታው ላይ ዶሮ ማነቂያ ቀይ ነው። መልሶ ይዞታል። የግንቡን ባለቤት እንዲያሳየኝ ናቲን ጠየቅኩት፣ ተጫነው። የኔ ስም ነው። ቲጂ። ሌሎቹን ግንቦች አየን፤ ለሦስቱም ልጆች አንዳንድ ደርሷቸዋል። ከድር የሚባለው ባለሟል ምንም የለውም፣ አንድ መንደር እንኳ። ናቲ ይሄ ተጫዋች ፋራ ነው፣ ለራሱ ምንም አላስቀረም አለ። ዝም በል አልኩት፣ ከሚገባው በላይ ጮኼ።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም፣ በወር አንድ ጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አዳራሽ ይሰበሰባል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስብሰባ የምትሄደው እናቴ ናት፣ እኔ ረግጬው አላውቅም። ቀድሜ በዶሮ ማነቂያ በኩል ልለፍ ብዬ ሄድኩ። የኛ በር የት ጋ እንደነበር ልለይ አልቻልኩም። ሰፊ መንገድ፣ ሳር፣ የተተከሉ አበቦች፣ ወንበር ላይ ፎቶ የሚነሱ ወጣቶች። ያምራል፣ አልዋሽም። የጋሽ ሰይፉን ቤት ከአንድ የመብራት ምሰሶ ጋር እያስተያየሁ ስፈልግ ቆይቼ ተስፋ ቆረጥኩ። በአገሩ ላይ ቅጥሩ ሳይነካ የቀረው ዶሮ ማነቂያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አባባ ተሰማ አርጅተዋል፣ መዝገቡ ግን አሁንም ጭናቸው ላይ ነው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩና የከድርን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የአባትሽን ድንኳን ማን የተከለው መሰለሽ?» አሉኝ።

አልገባኝም። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የአባቴ ቀብር፣ የተገኙ ሰዎች ስም። ከታች በኩል፣ በዚያ በማውቀው ጽሕፈት፦ ከድር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ መጥቷል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ መሬት መሬት ሳይ፣ እሱ ከወንዶቹ ጋር ካስማ ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ነበር። ቤተሰቡ ከእድሩ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ የሰፈር ሰው ሲሞት እንደሚመጣ አባባ ተሰማ ነገሩኝ። ለምን ወደኔ አልመጣም አልኳቸው።

«ጠይቄው ነበር። አላስቸግራትም አለኝ።»

ያኔ አምስት ልጆች አንድ ማውዝ ይዘን አንድ አገር ሙሉ እንገዛ ነበር፣ የሚቆጨንም የጠላት ግንብ ነበር። ዛሬ ናቲ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የኛን አሥር እጥፍ አገር ይገዛል፤ ከጀርባው ቆሞ የሚጮኽበት የለም፣ በሩን ከፍቶ ስንት እህል አለህ የሚለውም የለም። እኔም ብሆን ከሱ አልሻልም፣ አባቴን ማን እንደቀበረው የማላውቅ ሰው ነኝ።

አባባ ተሰማ ስልኩን ከመዝገቡ ላይ አነበቡልኝ። ከአዳራሹ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ። «አቤት» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ያለ።

«ከድር፣ ቲጂ ነኝ» አልኩት። ዝም አለ። ድሮም ዝም ነው። እንዳያመልጠኝ ፈጠን ብዬ ቀጠልኩ።

«ያን ቀን ልንገርሽ ብለኸኝ ነበር። ንገረኝ።»