ዋጋሪ ያስተረጎመው የሕዝብ አስተያየት

የቢላ ሰዎች፣ «ዋጋሪ ጨመዳ ሰው ላይ አይቀናም ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሱ የቀናው አውቶቡስ ላይ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢላ ነቀምቴ በበቅሎ ሰው አመላልሷል። ሙሽራ አጅቧል፣ በሽተኛ ደግፎ ሐኪም ቤት አድርሷል። አማርኛውንም የለመደው ዳኛና ግብር ሰብሳቢ ሲያደርስ በዚያው መንገድ ላይ ነው። በገበያ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግን የመንግሥት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን አውቶቡስ መላክ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሕዝቡ የሚነሳው ለሾፌሩ ለሀብተጊዮርጊስ ሆነ። ማር የሚቀርበው ለእሱ፣ ወንበር የሚጠረገው ለእሱ። ዋጋሪ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ከዳር ያያል። ሰውየው ምን አደረገ? ተቀምጦ መሪ አዞረ። አንድ ቀን እንኳ እግሩን ጭቃ አልነካውም።

አንድ ሐሙስ ከአውቶቡሱ አቶ ገብረክርስቶስ የሚባሉ ሹም ደብተር ይዘው ወረዱ። ሕዝቡ ስለ አገልግሎቱ የሚለውን ሰምተው ለአለቆቻቸው ሊያቀርቡ ነው። ኦሮምኛ አያውቁም። አማርኛ የሚችሉት ነጋዴዎች ደግሞ ገበያቸውን ጥለው አልመጡም። ስለዚህ ዋጋሪ ተጠራ።

ልቡ ዘለለ። ሕዝቡ ካልወደደው አውቶቡሱን ያነሱታል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው አዴ ደራርቱ ናት። ልጇ ምጥ ሲጠናባት አውቶቡሱ በአንድ ቀን ነቀምቴ እንዳደረሰላት፣ በበቅሎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን እንደሚፈጅባት ተናግራ መረቀች። ዋጋሪን አቃጠለው። እሷን ራሷን ሙሽራ ሆና ያመጣት የማን በቅሎ ነበር?

«ምን አለች?» አሉ ሹሙ።

«በሳምንት አንዴ ብቻ እየመጣ አሰቃየን ነው የምትለው፣ ጌታዬ። ምጥ ሐሙስን ይጠብቃል ወይ ትላለች።»

ሽማግሌው ነገራ ተነስተው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ወገቤ ዳነ አሉ። ዋጋሪ፣ «ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ወገባችን ተቆረጠ ይላሉ» ብሎ አስተረጎመ። እስከ ቀትር እንዲሁ ቀጠለ፤ ምስጋናው ሁሉ በዋጋሪ አፍ ሲያልፍ ብሶት ይሆናል። ሹሙ አንድም ሳያስቀሩ ጻፉ። ዋጋሪ ያን ቀን ምሳውን በደንብ በላ።

በሦስተኛው ወር ሐሙስ ቀን የመኪና ድምፅ ተሰማ። የመጡት አዲስ አውቶቡሶች ናቸው፤ ያውም ሁለት። ሹሙ ከፊተኛው ወርደው ዋጋሪን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«ሌላው ወረዳ ‹ደህና ነው› ብሎ በዚያው በሳምንት አንዴ ቀረ። የቢላን ሕዝብ ችግር ግን እርስዎ አሳወቁን፣ አቶ ዋጋሪ። ከእንግዲህ ሰኞም፣ ሐሙስም፣ ቅዳሜም ይመጣል።»

አማርኛ የሚችሉት ነጋዴዎች ይህን በኦሮምኛ ሲናገሩ ገበያተኛው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ለሀብተጊዮርጊስ ሳይሆን ለዋጋሪ። ወንበር ተጠረገለት፤ አዴ ደራርቱ የሾፌሩን ማር ለእሱ አመጣችለት።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችው። «እኔ እኮ መርቄ ብቻ ነበር የተቀመጥኩት። የጎደለንን የነገርክልን አንተ ነህ።»

ዋጋሪ ተቀመጠ፤ ማሩንም ቀመሰ። በቅሎው ከዳር ቆሟል። ያን ሐሙስ የሚከራየው አልመጣም፤ ቅዳሜም አልመጣም፣ ሰኞም።