በአዊኛ የጨመርኩት ቃል

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች፤ በጸሎቴ እንኳ እየዘለልኩት ኖሬአለሁ። አንተ የምታነበው ሰው ስማኝና ፍረድ።

እኔ አስተማሪ የለኝም። ፊደልን ከአንድ የቆሎ ተማሪ በጨረፍታ አየሁ፤ ቀሪውን በገዛ ጭንቅላቴ ፈታሁት። በጃንሆይ ጊዜ እንጅባራ አካባቢ ወንጌል ለመስማት በሰው ቤት ተደብቀን ስንሰበሰብ፣ መጽሐፉን ማንበብ የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ ሰዉ አብዛኛው ከአዊኛ ሌላ አይሰማም። አንድ መስመር አነብና ወዲያው በአዊኛ እመልሰዋለሁ። እንደ እኔ የሚያጣፍጥ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ልጅ ለመዳር፣ በሬ ለመሸጥ ሳይቀር እኔን ሳይጠይቁ አያደርጉም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ?

የምንሰበሰበው ባሏ በሞተባት በጥሩዬ ቤት ነበር። ከእኛ ማኅበር በመግባቷ ወንድሞቿ ተቀይመዋት ነበር፤ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ሰው እየላከች የምትጠይቃት እናቷ ብቻ ነበረች። አንድ እሑድ ጠዋት እያነበብኩ ሳለ ከወንድሞቿ የተላከ ሰው ደረሰ። እናቷ ሞታለች፤ ቀብሩ ዛሬ ነው።

ጥሩዬ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አያ፣ ልሂድ?»

ለእናቷ ቀብር እኔን ለምን ጠየቀችኝ? ያስለመድኳት እኔ ነኛ! ፈራሁ። ከወንድሞቿ ጋር ከተላቀሰች ትታረቃለች፤ ከታረቀች ቤቷ ይዘጋብናል፤ ቤቷ ከተዘጋ እኔ ማን ነኝ? ዓይኔን ወደ ገጹ መለስኩ። የተጻፈው ስለ ዘሪና ስለ ዘር ነበር። እኔ ግን ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ፣ «ከማኅበራችሁ ውጭ የሞተን የሚቀብር የእኔ አይደለም» ብዬ በአዊኛ አነበብኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በእግዚአብሔር አፍ ያልኩት እኔ ነኝ።

«እሱ እንዲህ ካለማ…» ብላ ተቀመጠች። መቀነቷን ግን አልፈታችም።

ከዚያ በኋላ ጥሊሊ ገበያ ታላቅ ወንድሟ አገኘኝ።

«አንተ አንባቢ፣ መጽሐፍህ ለእናት የሚለቀስበት ገጽ የለውም?»

«መጽሐፌን ለመጠየቅ መጀመሪያ ፊደል ቁጠር!» አልኩት። ሰዉ ሳቀበት። በአፍ የሚረታኝ አልነበረም። ገጹ ግን ነበር፤ ጌታ በወዳጁ መቃብር ያለቀሰበት። ጨለማ ውስጥ እንኳ ገልጬ አገኘዋለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጥሩዬ ባለችበት አንብቤው አላውቅም።

ወንድሞቿ ደጇን ሳይረግጡ አለቁ። እሷ አርጅታ ዛሬም ከፊት ትቀመጣለች፤ ዛሬም አያ ትለኛለች። የፊታችን እሑድ ቆሜ፣ ያን ቃል ባወጣሁበት በአዊኛ፣ ቃሉ የእኔ እንደነበር እናገራለሁ። ቆርጫለሁ፤ የሚመልሰኝ የለም። ይቅር በዪኝ ግን አልላትም። ካልኳት እሺ ትለኛለች። እሺ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።