ልቅሶ የበላው ዘፈን

ባለቤቴ በነገሌ ጦር ሰፈር የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ዘፋኝ ነበር። ዛሬ በሬዲዮ የሚዘፍኑት ልጆች ስንኙ መሃል ላይ ድምፃቸውን ቆረጥ አድርገው «እህ» ሲሉ፣ ሰው «ይሄ ሶል የሚባለው አዘፋፈን ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ» ይላል። ይበል። እኔ ከማን ጉሮሮ እንደወጣ አውቃለሁ።

እሱም ቢሆን ከሜዳ አላፈሰውም። የጥቁር አሜሪካኖቹን ዘፈን ሬዲዮው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማ ነበር፤ ቋንቋውን ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ያቺን የ«እህ» ትንፋሽ ያገኘው ዱብሉቅ፣ ቦረና አገር ነው። የሙዚቃ ክፍሉ ወደ ሞያሌ ሲወርድ መኪናው ተበላሽቶ እዚያ ዋሉ። ቦረናዎቹ ከጥልቁ ጉድጓድ ውኃ ሲያወጡ አንዱ ካንዱ በላይ ቆሞ የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዘፈኑ ይቋረጥና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ቤት ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «አንቺ፣ እኛ እኮ ስንዘፍን አንተነፍስም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ትንፋሽ በየዘፈኑ አስገባት። መኮንኖቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ቆይቶ ሚስቶቻቸው ማልቀስ ሲጀምሩ ሳቁ ቀረ።

የመገናኛ ክፍሉ ሃምሳ አለቃ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ቴፕ ነበረው። በሱ የባለቤቴን አንድ ዘፈን ቀዳ፤ አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ሊላክ ነበር። «የቴፑን ክር ዘፈኑ ካለቀበት እንዳታንቀሳቅሱት፤ በላዩ ከተቀዳበት የፊተኛው ይጠፋል» ብሎ አስጠነቀቀን። ሳይላክ ባለቤቴ ለበዓል ዶሎ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

እናቱ ደብረ ታቦር ናቸው፤ ለቀብር ሊደርሱ አይችሉም። ጦር ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ትልቁ ጭንቅ ይሄ ነበር። እናት እስክትሞት ድረስ «ልጄን በሰው አገር ማን አለቀሰለት?» እንዳለች ነው። ስለዚህ ያገሩ ልጆች መከሩ፤ የሠልስቱ ልቅሶ በቴፕ ይቀዳና እረፍት የሚወጣ ወታደር ይዞላቸው ይሂድ። ሌላ ክር ከተማው ውስጥ ጠፋ። ከዘፈኑ በኋላ የቀረው ባዶ ይበቃል ተባለ። እኔም ወደድኩት፤ መጀመሪያ ልጃቸው ይዘፍንላቸዋል፣ ቀጥሎ እኛ እናለቅስለታለን።

የሠልስቱ ቀን ሃምሳ አለቃው ማለዳ ቴፑን አዘጋጅቶ ወጣ አለ። ቤቱ ለአፍታ ባዶ ሆነ። እኔ ጉደኛዋ በሩን ገርበብ አድርጌ ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠንኩና ዘፈኑን ሰማሁት። በሐዘን ቤት ዘፈን ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ናፍቆኝ ነው። ሲያልቅ ልደግመው ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ያን ጊዜ ለቀስተኞቹ ከደጅ ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ቴፑን አጥፍቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ።

ሃምሳ አለቃው ገባና ክሩን ሳያይ መቅጃውን ተጫነ። አየሁት። «ቆዩ፣ ክሩ መጀመሪያው ላይ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ታዲያ ማን መለሰው ቢሉኝስ? ያገሩ ሰዎች፣ የእድሩ ሴቶች፣ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ዘፈን ከፈተች ሊሉኝ ነው። አልቃሿ ጀመረች፣ እኔም ተቀበልኩ። ክሩ ሲዞር፣ የባለቤቴ ድምፅ ትንሽ በትንሽ ሲያልቅ ዓይኔ እያየ አለቀስኩ። ሰዉ «እንዴት አምርራ አለቀሰችለት» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ዝም ማለት ያመጣውን ግን በምን እንደሚያሹት የነገረኝ የለም።

እናቱ ልቅሶውን ሰምተው መረቁኝ፤ ክሩንም መለሱልኝ። ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከባለቤቴ ኋላ ቆሞ የሚቀበል አንድ ወታደር ነበር። ጦሩን ለቆ አዲስ አበባ ገባና ሸክላ አሳተመ። አንድ ቀን ወንድሜን ልጠይቅ ሀገረ ማርያም ሄጄ፣ ከልብስ ሰፊ ቤት ሬዲዮ ያቺን «እህ» ሰማኋት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። በዓመቱ ነገሌ ወዴት እንደሆነች እንኳ የማያውቅ ሌላ ዘፋኝ እሷኑ አለ፤ ከዚያ ሌላም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ተናደድኩ። ሁሉም ከሱ ቆርሶ ሲወስድ ለእኔ ምንም አልቀረልኝም።

ንጉሡ ሊወርዱ ግድም ያ ወታደር፣ አሁን ስሙ የገነነ ዘፋኝ፣ ነገሌ መጣ። እንደ ድሮአችን በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» እያለ ገባ። ቴፕ ይዟል።

«እትዬ፣ እኛ ሁላችን የምንዘፍነው እኔ እንደማስታውሰው ነው። አንድ ጊዜ ራሱን ልስማው። ክሩ አንቱ ጋ ነው አሉኝ።»

ለማንም ያልተናገርኩትን ለሱ ነገርኩት። «ቢሆንም እንስማው» አለኝ።

ከፈተው። የሰው ሁካታ፣ አልቃሿ፣ ቀጥሎ እኔ። ዘፋኙ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ክሩን መልሶ አሰማኝ። ባለቤቴን ከጠራሁት በኋላ፣ ስንኙ መሃል፣ ድምፄ ይቆረጥና «እህ» እላለሁ። አንዴ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው በየስንኙ።

«ይኸው እትዬ፣ እሱ ነው» አለኝ እያለቀሰ።

ለዘፋኙ እውነት ነበር፤ የፈለገውን አገኘ፣ ሦስት ጊዜ መላልሶ ሰማው። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው። እሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ክሩን ከመጀመሪያው ከፍቼ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጠፍኩ፤ ከልቅሶዬ ሥር ከባለቤቴ ድምፅ ትንሽ ቀርቶ እንደሁ ብዬ። ምንም የለም።